ከአረንጓዴው ቅርፊት ሥር፦ የአክሱም ዘመን የብረታ ብረት ቅርሶች አገኛኘት፣ አለያየትና አጠባበቅ

የአክሱም ነገሥታት ስምና ቅደም ተከተል ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ ሊጻፍ የቻለው በዋናነት ከብራና መጻሕፍት ሳይሆን ስፋታቸው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይበልጥ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ነው። በገዳማትና በአድባራት ተጠብቀው የቆዩት የነገሥታት ዝርዝሮች መንግሥቱ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጠናቀሩ በመሆናቸው እርስ በርሳቸው የማይስማሙባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጹት ጽሑፎችም እንደ ዒዛና፣ እንደ ካሌብና እንደ ልጁ ዋዜብ ያሉትን ጥቂት ነገሥታት ብቻ ያስተዋውቃሉ። ሳንቲም ካሳተሙት ሃያ ያህል ነገሥታት መካከል አብዛኞቹ በዚህ ምድር ላይ ለመንገሣቸው ከዚያች ትንሽ ብረት በቀር ምስክር የላቸውም። ስለዚህ አንዲት የነሐስ ሳንቲም ከአፈር ወጥታ በሰው እጅ በገባችበት የመጀመሪያው ሰዓት የሚደረግባት ነገር፣ ማለትም መታሸቷ ወይም አለመታሸቷ፣ የተገኘችበት ቦታ መመዝገቡ ወይም መረሳቱ፣ የአንድን ንጉሥ ታሪክ የሚያተርፍ ወይም የሚያጠፋ ጉዳይ ነው።

ሳንቲም የብረታ ብረት ታሪክ መነሻ እንዳልሆነ ግን አስቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል። ከአክሱም መንግሥት በፊት፣ ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በነበረው ሺህ ዓመት ውስጥ፣ በየሐ ከዓለት ተፈልፍለው በተሠሩ መቃብሮች የነሐስ ማጭድ፣ መጥረቢያና ጩቤ፣ እንዲሁም የእንስሳ ቅርጽና የሳባ ፊደላት የተሠሩባቸው፣ ለማኅተምነት ያገለግሉ ነበር ተብለው የሚገመቱ ፍልፍል የነሐስ ምልክቶች ተገኝተዋል። እዚህ ላይ ነሐስ ሲባል መዳብ ከቆርቆሮ ማዕድን ጋር ቀልጦ የተዋሐደበትን ብረት ማለት ሲሆን፣ መዳብ ከዚንክ ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ቢጫ ብረት ናስ ይባላል። ሁለቱ በዓይን በቀላሉ ስለማይለዩ በዕለት ተዕለት ንግግር ስማቸው ይቀያየራል፤ ለጥናት ግን ልዩነቱ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ በአገር ውስጥ ቀልጦ የተሠራ፣ ሌላው በመርከብ የመጣ ሊሆን ይችላል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርን ንግድ የዘገበው የግሪክኛ የመርከበኞች መመሪያ፣ ፔሪፕለስ በመባል የሚታወቀው፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ዕቃዎች መካከል ናስ እንደሚገኝበትና የአገሩ ሰዎች ለጌጥ እንደሚያውሉት፣ እየቆራረጡም እንደ ገንዘብ እንደሚጠቀሙበት፣ ለስላሳ መዳብ ለማብሰያ ዕቃና ለሴቶች አምባርና አልቦ እንደሚሆን፣ ብረት ደግሞ ዝሆን ለማደኛና ለጦርነት ጦር እንደሚሠራበት ያወሳል። ይህ ምስክርነት ለዛሬው ጥናት ያለው ጥቅም ከፍተኛ ነው፤ በአዱሊስና በአክሱም ዙሪያ የሚገኝ ቅርጽ የለሽ የናስ ቁራጭ ሁሉ የቀጥቃጭ ትራፊ ተብሎ መጣል የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምናልባት ከሳንቲም በፊት የነበረው የገበያ መገልገያ እርሱ ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ ዓይነት ግኝቶች ሁሉ ልዩ ቦታ የሚሰጠው በምሥራቅ ትግራይ፣ በአጽቢ ደራ አካባቢ፣ አዲ ገላሞ በተባለ ቦታ ከተገኙት ቅርሶች አንዱ የሆነው ጎበጥ ያለ የነሐስ ዕቃ ነው። የንጉሥ በትር ወይም የሥልጣን ምልክት ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ይህ ዕቃ «ገደረ፣ የአክሱም ንጉሥ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ተቀርጾበታል፤ ጽሑፉም አናባቢ ያልተጨመረበት ጥንታዊ ግእዝ ሲሆን በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ እንደተጻፈ ይገመታል። ሳንቲም ያላሳተመ አንድ የአክሱም ንጉሥ በገዛ አገሩ በስሙ የታወቀው በዚህ አንድ ብረት ነው።

የሳንቲሙ ዘመን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ270 ዓ.ም. ገደማ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ነው። በዚያ ጊዜ ከሮም፣ ከፋርስና ከሕንድ የኩሻን ነገሥታት ጋር የሚስተካከል የራሱ የወርቅ ገንዘብ ያለው መንግሥት በጣም ጥቂት ስለነበር፣ የአክሱም ወርቅ የንግድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የነፃነትና የክብር መግለጫም ነበር። የእንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን መለኪያው ከሮማው ወርቅ ግማሽ ጋር የተቀራረበ ነበር፤ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ከአንድ የሮማ ፓውንድ ወርቅ 72 የሚወጣውን፣ 4.5 ግራም ገደማ የሚመዝነውን አዲስ ሳንቲም ካስፋፋ በኋላ ግን የአክሱም ወርቅ በዒዛና ዘመን ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ። ስለዚህ ለአንድ የአክሱም ወርቅ ሳንቲም መለያ የመጀመሪያው መሣሪያ አጉሊ መነጽር ሳይሆን ሚዛን ነው፤ ጽሑፉ ምንም ሳይነበብ ክብደቱ ብቻ ሳንቲሙ ከዚህ ለውጥ በፊት ወይም በኋላ የተሠራ መሆኑን ይናገራል። እየቆየ ሲሄድ የወርቁ ጥራት በብርና በመዳብ ድብልቅ እየቀነሰ ስለሄደ፣ የመጨረሻዎቹ ነገሥታት ወርቅ ፈዘዝ ያለ መልክ ያለው መሆኑም ሌላ ምልክት ነው።

ከሚዛን ቀጥሎ የሚታየው ከንጉሡ ራስ በላይ ያለው ምልክት ነው። ከክርስትና በፊት በተሠሩት ላይ ግማሽ ጨረቃና በላይዋ ክብ ምልክት ይታያል፤ ይህም በደቡብ ዓረብና በአክሱም የነበረው የቀድሞ አምልኮ ምልክት ነው። ዒዛና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በዚያው ስፍራ መስቀል ገባ። የዚህ ንጉሥ ሳንቲሞች በሁለቱም ዓይነት የሚገኙ መሆናቸው፣ የአንድ አገር ሃይማኖት መለወጥ በአንድ ሰው ዘመን በእጅ ሊዳሰስ በሚችል ብረት ላይ የተመዘገበበት ማስረጃ ያደርጋቸዋል፤ በዓለም ላይ ክርስቲያናዊ ምልክት ከታተመባቸው ቀደምት ሳንቲሞች መካከልም ያስቆጥራቸዋል። ንጉሡ በወርቁ ላይ በአንድ በኩል ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላ በኩል ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ ይታያል፤ ግራና ቀኙንም የስንዴ ወይም የገብስ ዛላ ያቅፈዋል። ይህ ዛላ በሌላ አገር ሳንቲም ላይ በዚህ አኳኋን ስለማይገኝ፣ ፊደሉ የጠፋ ሳንቲም እንኳ የአክሱም መሆኑን ለመለየት የሚያገለግል ምልክት ነው።

ጽሑፉ ለብቻው መታየት ያለበት ነገር ነው። ወርቁ ወደ ባሕር ማዶ ለሚሻገር ንግድ ስለነበር በግሪክኛ ተጻፈ፤ ብሩና ነሐሱ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ለአገሬው ገበያ በግእዝ ተጻፈባቸው። ከዚህ ልማድ የወጣው ንጉሥ ወዘባ ነው፤ በወርቅ ሳንቲሙ ላይ በግእዝ ያስጻፈ እርሱ ብቻ ነው። በግሪክኛው ጽሑፍ መካከል ሳይቀር የአገሬው ቋንቋ ይታያል፤ «ቢሲ» የሚለው ቃል የግእዙ «ብእሴ» ማለትም «ሰው» ሲሆን፣ እያንዳንዱ ንጉሥ የወጣበትን ነገድ ወይም ጭፍራ የሚያመለክት ስም ይከተለዋል። የዒዛና «ቢሲ አሌኔ» በድንጋይ ጽሑፎቹ ላይ «ብእሴ ሐሌን» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ የካሌብም «ብእሴ ለዘን» ነው። ከስሙ ሁለት ፊደል ብቻ የቀረው ሳንቲም በዚህ የነገድ ስም አማካይነት ባለቤቱ ሊታወቅ ይችላል። በኋለኞቹ ወርቆች ላይ ግን ቀራጮቹ ግሪክኛ እየረሱ በመሄዳቸው ፊደላቱ ቅርጻቸው ተበላሽቶና ቦታቸው ተዛብቶ ይታያሉ፤ ይህም ሐሰተኛ የመሆን ምልክት ሳይሆን የዘመኑ ጠባይ ነው።

ከነሐሶቹ አንዱ በቅርበት ሊታይ ይገባዋል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዒዛና ዘመን ገደማ ጀምሮ የተሠራ፣ የንጉሡ ስም የሌለበት ነሐስ አለ፤ በአንድ ፊቱ ራሱን የጠመጠመ ንጉሥ ደረቱ ድረስ ተቀርጾ ዙሪያውን በግሪክኛ «ንጉሥ» የሚል ብቻ ተጽፎበታል፤ በሌላው ፊቱ በክብ ውስጥ መስቀል ተቀርጾ ዙሪያውን «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ቃል ይነበባል። ሳንቲሟ ትንሽ ናት፤ ክብደቷም ከአንድ ግራም ብዙ አይርቅም። በእርሷ ሰው ጥቂት እህል ወይም ጨው ይገዛባት ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፤ መንግሥቱም ባለጸጋ ነጋዴ በሚይዘው ወርቅ ላይ ሳይሆን ተራ ሰው በየዕለቱ በሚያገላብጣት በዚህች ነሐስ ላይ ስለ አገሩ ደስታ ማሰቡ ከማንኛውም የነገሥታት ውዳሴ ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው። የአክሱም ነሐስ በግብፅና በፍልስጤም ምድርም መገኘቱ፣ ወደ ቅዱሳን ቦታዎች የሄዱ ተሳላሚዎች በመቀነታቸው ቋጥረው ይዘዋት ሄደው ይሆናል የሚል ግምት አሳድሯል።

የአክሱም ባለእጆች ሌላ ቦታ የማይገኝ አንድ ጥበብም ነበራቸው፤ በብርና በነሐስ ሳንቲሞች ላይ የተመረጠውን ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ የመስቀሉን መካከል ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ያለውን ክብ፣ በስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ይህ ከንጉሥ አፊላስ ዘመን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳንቲም አሳታሚ ንጉሥ እስከ አርማሕ፣ እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ፣ የቀጠለ ሥራ ነው። እያንዳንዷ ሳንቲም ከተመታች በኋላ በእጅ የሚጨመርባት በመሆኑ የሚጠይቀው ድካም ከሳንቲሟ ዋጋ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም፤ የተለበጠው ወርቅ ግን እጅግ ስስ ስለሆነ፣ በዛሬው ጊዜ በግድየለሽ ጽዳት ከሁሉ በፊት የሚጠፋው እርሱ ነው።

እነዚህ ሳንቲሞች ወደ ጥናት የገቡት በዝግታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ለአውሮፓ ምሁራን ካስተዋወቋቸው ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው፤ በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጓድ አክሱምን አጠና፤ በ1926 ጣሊያናዊው አርቱሮ አንዛኒ ሳንቲሞቹን በአንድ ሰብስቦ መደባቸው፤ ከዚያም ስቱዋርት መንሮ ሄይና ቮልፍጋንግ ሃን ሥራውን አሰፉት። ሆኖም ምሁራኑ የመደቡት አብዛኛው ሳንቲም በቁፋሮ ጥናት የወጣ አልነበረም፤ ክረምት ሲወጣ ጎርፍ ባጠበው ማሳ ላይ፣ ማረሻ በገለበጠው አፈር ውስጥ፣ ወይም ቤት ለመሥራት መሠረት ሲቆፈር የተገኘና በገበያ እጅ በእጅ የተላለፈ ነው። ለዚህ ነው ሳንቲሞቹ የንጉሡን ስም ሲናገሩ የንጉሡን ቤት፣ ገበያውን፣ ጠላቱንና ዘመኑን ብዙ ጊዜ የማይናገሩት።

የልዩነቱን ልክ ለማየት ሁለት ግኝቶችን ማነጻጸር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1940 በአምባ ላይ ባለው በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ፤ ከአፍጋኒስታንና ከሰሜን ሕንድ የመጡና ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ የማያልፉ ናቸው። ታላቅ ግኝት ነው፤ ነገር ግን በአግባቡ በተካሄደ ቁፋሮ ስላልወጡ፣ መቼና በማን እጅ ወደ አምባው እንደወጡ ከራሳቸው ከሳንቲሞቹ ዕድሜ በቀር የሚመሰክር የለም። በ1963 ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ በመጠራ፣ በዛሬይቱ ኤርትራ ሰንዓፈ አቅራቢያ፣ በቁፋሮ አንድ የነሐስ ዕቃ አገኘ፤ በውስጡም ለአንገት ጌጥ የተዘጋጁ 14 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች፣ ሰንሰለቶችና ሁለት መስቀሎች ነበሩ። በአብዛኛው የሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆነ የሮማ ወርቅ ከክርስቲያን መስቀል ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ መቀመጡ፣ የድሮ ሳንቲም በገንዘብነቱ ሳይሆን በጌጥነቱ ለብዙ ትውልድ ይወረስ እንደነበር ያሳያል። ያ የነሐስ ዕቃ ተሰብሮ ሳንቲሞቹ ለየብቻ ተሽጠው ቢሆን ኖሮ፣ የሮማ ነጋዴዎች በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጠራ ደረሱ የሚል የተሳሳተ ታሪክ ይጻፍ ነበር።

ከዚህም የሚበልጠው የኡዋዜባስ ነገር ነው። ይህ ንጉሥ ከሳንቲሞቹ በቀር በሌላ የማይታወቅ ሲሆን፣ በራሱ ዙሪያ በወርቅ የተለበጠ ክብ ያለባቸው ነሐሶቹ በአክሱም በብዛት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኔቪል ቺቲክ በተመራው ቁፋሮ ከእነዚህ ነሐሶች ጥቂቶቹ፣ 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ካለው ከወደቀው ታላቁ ሐውልት ፍርስራሽ ጋር በተያያዘ አፈር ውስጥ ተገኙ፤ በዚህም ሐውልቱ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወድቆ እንደነበር፣ ምናልባትም ሲቆም ሳለ እንደወደቀ የሚያመለክት ሐሳብ ተገኘ። አንዲት አረንጓዴ ነሐስ ለዚያ ግዙፍ ድንጋይ ዘመን ሰጠችው። ይህን ያደረገችው በራሷ ሳይሆን በተቀመጠችበት የአፈር ንብርብር ነው፤ ምሁራን የአንድ ቅርስ አውድ የሚሉትም ይህንኑ፣ ዕቃው ከምን በላይ፣ ከምን በታችና ከምን ጋር እንደነበረ የሚያስረዳውን ሁኔታ ነው።

ባሕር ማዶ ያለውን በአጭሩ ለማንሳት፣ በደቡብ የመን አል መዳሪባ በተባለ ቦታ የተገኘው ክምችት 868 የአክሱምና 326 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች የያዘ ነበር፤ ካሌብ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ሒምያር ያካሄደውን ዘመቻና ከዚያ በኋላ በደቡብ ዓረብ የነበረውን የአክሱም ሥልጣን ከሚያስታውሱት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ በተለምዶ ዲቴክተር የሚባለው፣ ተጨመረ። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ በመሣሪያው ክብ ጥቅል ሽቦ የሚያልፈው ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ አፈር ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ደካማ ፍሰት ያስነሣል፤ ይህም በተራው የሚፈጥረውን መስክ መሣሪያው ተቀብሎ በድምፅ ያሳውቃል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት ለመፈለግ ሞከረበት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂ መፈለጊያ ሆነ። በሰሜን ኢትዮጵያም ከኤርትራ ጋር ከተካሄደው ጦርነት በኋላ ፈንጂ አምካኞች ተጠቅመውበታል፤ ባህላዊ ወርቅ አምራቾችም ይዘውታል። በዚህ መንገድ፣ ቅርስን ሳያስብ የተሠራ መሣሪያ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ በቅርስ ከታጨቁት አካባቢዎች በአንዱ ላይ ይንቀሳቀሳል።

መሣሪያው አንድ ሳንቲም የሚያህል ነገር የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር በማያልፍ ጥልቀት ነው። ይህ በእርሻ ማሳ ላይ ማረሻ ዘመን በዘመን ሲያገላብጠው የኖረው አፈር ስለሆነ፣ ከዚያ የወጣ ሳንቲም የንብርብር ምስክርነቱን ቀድሞ አጥቷል፤ የቀረው የቦታው ምስክርነት ነው። ጉዳቱ የሚብሰው ድምፁን ተከትሎ ያልታረሰ አፈር ሲቆፈር ነው። በሱዳን ባዩዳ በረሃ፣ ጀበል ማራጋ በተባለው የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ሥፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ወርቅ ፈላጊዎች በከባድ መኪና 17 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ሥፍራውን ፈጽሞ አጠፉት፤ የሱዳን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች እንዳስረዱት መሣሪያውን ያስጮኸው ወርቅ ሳይሆን በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ፓይራይት፣ ብረትና ድኝ የያዘው ማዕድን፣ ሳይሆን አይቀርም። በተቃራኒው በእንግሊዝ አገር ሆክስን በተባለ መንደር እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ሰው ገበሬ ወዳጁ የጠፋበትን መዶሻ በመሣሪያው ሲፈልግ የሮማ ዘመን ወርቅና ብር ቢያገኝ፣ ቁፋሮውን አቁሞ ለባለሥልጣን አሳወቀ፤ ባለሙያዎች በማግሥቱ ደርሰው ከ14 ሺህ በላይ ሳንቲሞችን፣ የነበሩበትን የእንጨት ሣጥን ርዝራዥ ሳይቀር፣ በቦታው እንዳለ አወጡት። ያች መዶሻም ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ከሀብቱ ጋር ትገኛለች። አገሪቱ በ1996 ሕግ አወጣች፤ ከ1997 ጀምሮም ሰዎች ያገኙትን የሚያስመዘግቡበት ሥርዓት ተዘርግቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ተመዝግበዋል።

የኢትዮጵያ ሕግ ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በማዕድን ፍለጋ፣ በመንገድ ወይም በቤት ሥራ፣ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና የቅርስ ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ባለበት ሁኔታ ጠብቆ እንዲያቆየው ያዝዛል፤ ላስረከበውም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ ይደነግጋል። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል የሕግ አባባል ብቻ ሳይሆን የኬሚስትሪም ጥበብ ነው።

ብረት በአፈር ውስጥ ሲቆይ እንደየባሕርዩ ይለወጣል። ወርቅ አይዝግም፤ ብር ከአፈሩ ጨው ጋር ተዋሕዶ ግራጫማ ቅርፊት ያበጃል፤ የአክሱም ብር መዳብ የተቀላቀለበት ስለሆነ ደግሞ መዳቡ ወደ ውጭ እየወጣ ሳንቲሙን ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ያለብሰዋል፤ ብዙ የብር ሳንቲም በስሕተት ነሐስ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ነሐስ ላይ የሚታየው ጠንካራና ልሙጥ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቅርፊት ከመዳቡ የተወለደና የሚከላከልለት ልብስ ነው፤ የንጉሡ ዓይን፣ የዛላው ፍሬና የፊደሉ ጫፍ ብዙ ጊዜ የተቀረጹት በዚህ ቅርፊት ውስጥ እንጂ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ አይደለም፤ ምክንያቱም ብረቱ ራሱ የላይኛው ፊቱ ተለውጦ ቅርፊት ሆኗል። ቅርፊቱን የሚፍቅ ሰው ጽሑፉን የሸፈነውን ቆሻሻ ያነሣ ይመስለዋል፤ የሚያነሣው ግን ጽሑፉን ራሱን ነው።

ከዚህ ጤናማ ቅርፊት በጥንቃቄ መለየት ያለበት በባለሙያዎች ዘንድ የነሐስ በሽታ የሚባለው ነው። ክሎራይድ፣ ማለትም የገበታ ጨው ውስጥ ያለው ክፍል፣ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ በሳንቲሙ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ሳንቲሙ ከአፈር ወጥቶ አየርና እርጥበት ሲያገኝ ወደ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ተለውጦ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱም አዲስ መዳብ እየበላ እንደገና ያንኑ ይወልዳል። ዛሬ ደህና ሆኖ የታየ ሳንቲም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገጹ ላይ የመርፌ ራስ የሚያህሉ ጉድጓዶች፣ በውስጣቸውም በጥፍር ሲነኩት የሚረግፍ ዱቄት ይታይበታል፤ ያ የበሽታው ምልክት ነው። ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ፣ በአካባቢው ያለው የአየር እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ከሆነ፣ በሽታው ይተኛል፤ በክረምት ወራት ባልተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ከተተወ ግን ሳንቲሙ ውሎ አድሮ ዱቄት ይሆናል።

በየቤቱ ሰታቴ የሚታጠብበት ልማድ፣ በሎሚና በአመድ ማሸት፣ ለዕለት ዕቃ የሚስማማ ቢሆንም ለጥንት ብረት ግን አጥፊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሎሚው አሲድ ቅርፊቱን ያሟሟል፤ አመዱና አሸዋው ቀሪውን ይፍቃል፤ ስሱ የወርቅ ልባጥ አብሮ ይሄዳል፤ ሳንቲሙም እንደ አዲስ ናስ ያብረቀርቃል፤ በላዩ ላይ ግን ንጉሥም፣ መስቀልም፣ ፊደልም አይቀርም። ሽቦ ብሩሽ፣ ኮምጣጤና በኤሌክትሪክ ማጽዳትም በዚሁ መደብ ናቸው። የሚበጀው ዕቃውን በአፈሩ እንዳለ በለስላሳ ወረቀት መጠቅለል፣ እርጥበት በሚያምቅ ፕላስቲክ ውስጥ አለመዝጋት፣ ያገኙትን ቦታና ጥልቀት፣ በአጠገቡ የነበረውን የሸክላ ስባሪ ወይም አመድ ጭምር በእርሳስ ጽፎ አብሮ ማኖር፣ ከመለኪያ አጠገብ ፎቶ ማንሣት ነው። ቀሪው የባለሙያ ሥራ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሥር በእሾህና በለስላሳ ብሩሽ አፈሩን ብቻ ማንሣት፣ ክሎራይዱን ማስታገሥ፣ መዳቡን ቤንዞትራያዞል በተባለ ኬሚካል መከላከል፣ በመጨረሻም ሲፈለግ በአሴቶን ሟሙቶ በሚነሣ ፓራሎይድ ቢ-72 በተባለ ሙጫ ስስ አድርጎ መሸፈንና እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በታሸገ ሣጥን ማስቀመጥ። ወደ ኋላ ሊመለስ የማይችል ነገር አለማድረግ የዚህ ሙያ መሠረታዊ ሕግ ነው።

ብረት፣ ማለትም የጦር ራስ፣ ቢላዋና ምስማር የሚሠራበት ተራው ብረት፣ ከሁሉ የተናቀና ከሁሉ ፈጥኖ የሚጠፋ ነው። ቀይ ቡናማ ድቡልቡል ሆኖ ሲወጣ ድንጋይ ይመስላል፤ በራጅ ሲታይ ግን በዝገቱ ውስጥ የጦር ጫፍ ወይም የበር ማጠፊያ ቅርጽ ይወጣል፤ አንዳንዴም ብረቱ ፈጽሞ አልቆ ቅርጹ ብቻ በዝገት ውስጥ እንደ ባዶ ቅርጽ ማውጫ ይቀራል። የአክሱም ጦርና መሣሪያ ታሪክ ከወርቁና ከነሐሱ ታሪክ ይልቅ ቀጭን የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት የሚረዱትም የአሠራሩ ምልክትና ቅርፊቱ ናቸው። የጥንቱ ሳንቲም በሁለት የተቀረጹ ማተሚያዎች መካከል በመዶሻ ተመትቶ ስለሚሠራ የፊደሉ ጠርዝ ስል ነው፤ ለማታለል በቅርጽ ማውጫ ቀልጦ የፈሰሰው ግን ፊደሉ የለዘበ፣ ፊቱ በትናንሽ የአየር ጉድጓዶች የተሞላ፣ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ያለው ይሆናል፤ ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ዓይነት ጭረትና ጉድፍ ከተገኙም ከአንድ ቅርጽ ማውጫ መውጣታቸው ግልጽ ነው። ቅርፊቱ ተፍቆ የጸዳ እውነተኛ ሳንቲም ይህን ማስረጃውን ስለሚያጣ፣ ባለቤቱ ሊያሳምረው ብሎ ጥርጣሬ ያተርፍበታል።

አንዳንዴ ሳንቲሞቹ ተለያይተው ሳይሆን እርስ በርስ ተጣብቀው፣ አንድ አረንጓዴ ድቡልቡል ሆነው ይወጣሉ። ፈልቅቆ ለመቁጠር እጅ ይቸኩላል። ነገር ግን የመዳብ ጨው ጨርቅ የሚያበሰብሱትን ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚገድል፣ በእንዲህ ያለ ድቡልቡል ውጭ ላይ ሳንቲሞቹ የታሰሩበት ጨርቅ ሊተርፍ ይችላል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ድሩና ማጉ እየተላለፈ፣ ክሩ ወደየት እንደተፈተለ ሳይቀር ይለያል። በአክሱም ምድር ጨርቅ በአፈር ውስጥ እምብዛም አይተርፍም፤ አንዲት ሴት የፈተለችው፣ አንድ ሸማኔ የሠራው፣ አንድ ነጋዴ ነሐሱን የቋጠረበት ጨርቅ የሚገኘው በዚያ አረንጓዴ ቅርፊት ላይ ነው፤ ስለዚህም በደህና ሙዚየም ውስጥ እንዲህ ያለው ድቡልቡል ሳይፈለቀቅ፣ ሳንቲሞቹም በራጅ ተቆጥረው፣ እንደወጣ ይቀመጣል።